የኬላው ገመድ፦ ከይፋግ እስከ ጨጨሆ



እንግሊዛዊው ቆንስል ዋልተር ፕላውደን በሰኔ 1847 ዓ.ም. ከጎንደር ወደ ለንደን የላከው ዘገባ ስለ አዲሱ ንጉሠ ነገሥት ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ብዙ ያወራል። ከዚያ ዘገባ ሰዎች አዘውትረው የሚያነሡት ንጉሡ የባሪያን ንግድ መከልከላቸውን ነው። ለመንገደኛ ግን አንዲት አጭር ነጥብ ትበልጣለች፤ ንጉሠ ነገሥቱ በግዛታቸው ሁሉ ቀረጥ የሚከፈለው በሦስት ቦታ ብቻ እንዲሆን አዘዋል።

ሦስት ብቻ። ይህ ትእዛዝ ምን ያህል ከባድ እንደነበር ለመረዳት ከእርሱ በፊት የነበረውን መንገድ ማሰብ ይገባል። በዘመነ መሳፍንት የወንዙ መሻገሪያ፣ የተራራው በር፣ የገበያው ዳር ሁሉ የአንድ ሹም ወይም የአንድ ባላባት ኬላ ነበረበት። የዛሬው ደቡብ ጎንደር ደግሞ የሥርዓቱ እምብርት ነበር። ደብረ ታቦርን የቆረቆሩት የየጁው ራስ ጉግሣ ናቸው፤ የልጅ ልጃቸው ራስ አሊም መቀመጫቸውን እዚያው አድርገው ገዝተዋል። በሊቦ ከምከም በኩል ይፋግ፣ በጣና ዳር ቆራጣ የሲራራ ነጋዴ የሚሰባሰብባቸው ስፍራዎች ነበሩ። ይፋግ ትልቅ ገበያም ትልቅ ኬላም ነበር። ፕላውደን በጥቅምት 1842 ዓ.ም. ከራስ አሊ ጋር የንግድ ውል ሲፈራረም፣ ወደ ባሕር የሚወስዱትን መንገዶች ክፍት አድርጎ ስለመጠበቅ የሚናገር አንቀጽ አስገብቶበታል። ራስ አሊ በወረቀቱ ላይ ክፋት አላዩበትም፤ አገሩ እንዲህ እንዳለ ግን አንድም የእንግሊዝ ነጋዴ ይመጣል ብለው አላመኑም። ፍርዳቸው ትክክል ነበር። ያን ሁሉ ኬላ አልፎ የሚተርፍ ትርፍ አልነበረም።

በይፋግ የሚያልፈው ጭነት ብዙ ዓይነት ነው፦ ከሰሜን የሚወርደው አሞሌ ጨው፣ ከእናርያ ተነሥቶ በጎጃሙ በባሶ ገበያ በኩል የሚመጣው ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ። ሰውም ነበረበት። ባሪያ እንደ ማንኛውም ሸቀጥ በራሱ ቀረጥ ተከፍሎበት ያልፍ ነበር። ዛሬ ከዕፅ ንግድ የከፋ ወንጀል የሆነው ነገር በዚያ ዘመን ኬላው ተቀብሎ የሚያሳልፈው ሕጋዊ ጭነት ነበር ማለት ነው። ቴዎድሮስ ከከለከሉት በኋላም ንግዱ ለብዙ አሥርት ዓመታት ቀጥሏል፤ ባርነት በሕግ ጨርሶ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ነገር ግልጽ ነው፤ ኬላ ምንጊዜም የሚይዘው አለቃው የሚፈልገውን ነው። አለቃው ገንዘብ ሲፈልግ ገንዘብ፣ እህል ሲፈልግ እህል፣ ጠመንጃ ሲፈልግ ጠመንጃ ይያዛል። ዛሬ በኬላ አደገኛ ዕፅ እንዲያዝ ከተፈለገም ዕፅን የሚያውቅና እርሱን ብሎ የቆመ ሰው ያስፈልጋል።

ፕላውደንን ራሱን በመጨረሻ መንገድ በላው። በ1852 ዓ.ም. ወደ ምጽዋ ለመውረድ ተነሥቶ ሳለ ጎንደር አጠገብ የአማፂው የጋረድ ሰዎች አቁስለው ያዙት። ቤዛ ተከፍሎለት ቢለቀቅም ከቁስሉ አልዳነም። መንገደኛን ይዞ ቤዛ መጠየቅ በዚህ አገር የትናንት ፈጠራ አይደለም።

በደርግ ዘመን የኬላው ገመድ እህል ላይ ተዘረጋ። በ1960ዎቹ መጨረሻ የመንግሥት የእህል ገበያ ድርጅት ከተቋቋመ በኋላ፣ የግል ነጋዴ ከጫነው እህል ከፍ ያለውን ድርሻ መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ለድርጅቱ ካላስረከበ አያልፍም ነበር። አባይ ማዶ በጎጃም ደግሞ የግል ነጋዴ እህል ከክፍለ ሀገሩ እንዳያወጣ ጭራሹን ተከልክሎ ነበር። ከጥቂት ኪሎ የበለጠ ቡና የያዘ መንገደኛ ቡናው ይወረስበታል። ከቀዬው ርቆ የሚሄድ ሰው ከቀበሌው ወይም ከገበሬ ማኅበሩ ይለፍ መያዝ ነበረበት። አንዲት እናት ለልጇ በቀሚሷ ሥር ሸሽጋ የምትወስደው ቡና «ኮንትሮባንድ» ይባል እንደነበር በዚህ አዳራሽ ያሉ ብዙ አዛውንቶች ያስታውሳሉ።

በዚያው ዘመን ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በጋሸና አድርጎ ወልድያ የሚገባው መንገድ ተሠራ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. መግቢያ ቻይናን ከጎበኙ በኋላ በተገኘ ብድር የተጀመረ ሥራ ነው። ርዝመቱ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሕዝቡም እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» ይለዋል። የፎገራን ሜዳና ጎጃምን ከወሎ ጋር የሚያገናኝ መንገድ ቢከፈትም፣ በ1977 ዓ.ም. ወሎ ላይ ያ ሁሉ ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ፣ እህል በነጋዴ እጅ እንደ ልብ እንዳይሄድ ኬላው ቆሞ ነበር። መንገድ ሠርቶ በላዩ ላይ ገመድ መዘርጋት ያስከፈለው ዋጋ በኪሎ ተመዝኖ አያልቅም። የእህሉ ኬላና የግዴታ ኮታው የተነሡት የካቲት 26 ቀን 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ ነው። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪው ስቴፋን ደርኮን እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተመው ጥናት የጤፍን ዋጋ ተከትሎ እንዳሳየው፣ ኬላው ከተነሣና የእርስ በእርስ ጦርነቱ ካበቃ በኋላ የአገሪቱ ገበያዎች ይበልጥ ተሳስረዋል።

አሁን ወደዛሬው መንገደኛ እንምጣ።

ከወረታ መናኸሪያ የተነሣ መንገደኛ የፎገራን የሩዝ ማሳ ከኋላው ትቶ በአለም በር በኩል ሽቅብ ወደ ደብረ ታቦር ይወጣል። ከከተማው አልፎ ጋሳይና ክምር ድንጋይ ይመጣሉ፤ ጉና ከአራት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታውን ይዞ ከጎኑ ቆሟል። ከነፋስ መውጫ ወዲያ ጨጨሆ ነው፤ ግራና ቀኙ ገደል፣ መተላለፊያው ጠባብ። ከጥንት ጀምሮ በጌምድርን ከወሎ የሚለየው በር እርሱ ነው። ኬላ ለማቆም የመልክዓ ምድር አቀማመጡ ራሱ ይጋብዛል፤ ማለፊያ ሌላ የለምና። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የትግራይ ኃይሎች በዚህ መንገድ ገፍተው ነፋስ መውጫን ለቀናት ይዘዋል፤ ደብረ ታቦርም በከባድ መሣሪያ ተመትታ ሰላማዊ ሰዎች በቤታቸው ሞተዋል። ሁለት ዓመት ሳይሞላ የአማራ ክልል በመንግሥት ጦርና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ወደተነሣ ሌላ ጦርነት ገባ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ጥር 24 ቀን 2016 ዓ.ም. ለአራት ወር ተራዘመ። የአዋጁ ጊዜ ቢያበቃም ኬላው አላበቃም።

«ውረዱ!» ይባላል። ረዳቱ በሩን ይከፍታል፤ ወንዱ በአንድ በኩል፣ ሴቱ በሌላ በኩል ይሰለፋል። መታወቂያ በእጅ። ከጣራ ላይ የገብስ ማዳበሪያ ይወርዳል፣ የድንች ጆንያ ይፈታል፣ የተማሪ ሻንጣ ይበረበራል። ወታደሩ ስልክ ይቀበላል፤ ፎቶ ይመለከታል። ከየት እንደመጣ፣ ወዴት እንደሚሄድ፣ ማንን እንደሚያውቅ ወጣቱ ይጠየቃል። ሾፌሩ ዝም ይላል፤ ዝምታው የሥራው አካል ሆኗል። ጥቂት ኪሎ ሜትር ተሄዶ የሚሊሻ ገመድ፣ ከዚያ የአድማ ብተና ጣቢያ፣ ከዚያም የገቢዎች ፈታሾች ይመጣሉ። በአንዳንድ ስፍራ ደግሞ ገመዱን የያዙት የፋኖ ታጣቂዎች ናቸው፤ እዚያም ጥያቄው ያው ነው፣ መልሱ ግን መለወጥ አለበት። አንድ ሰው በአንድ ቀን ጉዞ በሁለት ወገን ኬላ ሁለት ሰው ሆኖ ማለፍ ይጠበቅበታል። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በተከታታይ ባወጣቸው መግለጫዎች የመንገደኞች እገታና የእንቅስቃሴ ገደብ የሕዝቡ የዕለት ኑሮ መከራ መሆኑን አሳውቋል።

በዚህ ሁሉ ፍተሻ መካከል የዕፅ አዘዋዋሪው የት አለ?

በኢትዮጵያ የዕፅ ዝውውር የሚታወቁ መስመሮች አሉት። አንዱ የአየር መስመር ነው፦ ከብራዚሏ ሳኦ ፓውሎ ኮኬይን በሻንጣቸው ወይም በሆዳቸው የያዙ ተጓዦች በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሲያዙ ቆይተዋል። ሁለተኛው የምድር መስመር ነው፦ ሻሸመኔ አካባቢ የሚበቅለው ካናቢስ አንድም ወደ አዲስ አበባ ይወጣል፣ አንድም በሞያሌ በኩል ኬንያ ይገባል። በሰሜን ምዕራብ በኩል መተማ ላይ ያለው የሱዳን ድንበር ይበልጡን የሚታወቀው በጦር መሣሪያ፣ በከብት፣ በሰሊጥና በልዩ ልዩ ሸቀጥ ኮንትሮባንድ ነው። የደቡብ ጎንደር መንገድ የነዚህ ሁሉ ዋና መስመር አይደለም፤ ግን የጎንደርን መስመር ከወልድያና ከደሴ ጋር የሚያገናኝ ነውና ከመተማ የተነሣ ነገር ወደ ምሥራቅ ሲያቀና በዚህ ያልፋል። ስለዚህ «እዚህ ዕፅ የለም» ማለትም፣ «ኬላው ያን ያህል የበዛው ለዕፅ ነው» ማለትም ከእውነቱ የራቀ ነው።

ሕጉ ጥብቅ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 አደገኛ ዕፅ ማምረትንና ማዘዋወርን ከአምስት ዓመት በማያንስ ጽኑ እስራትና ከመቶ ሺህ ብር በማይበልጥ መቀጮ ይቀጣል። ኢትዮጵያ የ1961፣ የ1971 እና የ1988 (እ.ኤ.አ.) የተባበሩት መንግሥታት የዕፅ ስምምነቶች አባል ናት። የሕግ እጥረት የለም።

ችግሩ ያለው ሥራው ለማን እንደተሰጠ ላይ ነው። ኬላ ላይ የቆመው ወታደር የሚጠብቀው ጥይት ነው። ዓይኑ ሽጉጥ ይፈልጋል፣ ቦንብ ይፈልጋል፣ በፎቶ የተላከለትን ሰው ይፈልጋል። ይህን ቢያደርግ አይፈረድበትም፤ ነፍሱ በዚያ ላይ የተንጠለጠለች ናት። ካናቢስን በሽታው ለይቶ፣ የክኒን እሽግን ከመድኃኒት ቤት ከመጣው ለይቶ እንዲይዝ ግን ማንም አላሠለጠነውም። ዕፅ አነፍናፊ ውሻ አጠገቡ የለም፤ ላቦራቶሪ የለም። አዘዋዋሪው ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። የፈታሹ ዓይን ወጣቱ ላይ ሲያርፍ እርሱ ሽማግሌ ይልካል፤ አውቶቡሱ ሲበረበር እርሱ የሚያልፈው ፈታሹ ሰላምታ ሰጥቶ በሚያሳልፈው መኪና ነው። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ገመዱ በበዛ ቁጥር እጅ መንሻውም ይበዛል፤ መቶ ብር የሚቀበል እጅ ምን እንዳሳለፈ አይጠይቅም። አሥር ኬላ ያለበት መንገድ ከአንድ ኬላ መንገድ የበለጠ ይጠብቃል የሚለው እምነት እዚህ ላይ ይፈርሳል። አሥሩ ኬላ ኃላፊነቱን አሥር ቦታ ይበታትነዋል፤ ያለፈውን ዕፅ ማን አሳለፈው ተብሎ የሚጠየቅ አይገኝም።

የሜክሲኮ ታሪክ እዚህ ላይ ያስተምራል። ፕሬዚዳንት ፌሊፔ ካልዴሮን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2006 የአገሪቱን ጦር በዕፅ ነጋዴዎች ላይ አዘመቱ። በሰሜኑ የሶኖራ ግዛት፣ ወደ አሜሪካ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ እንደ ኬሮባቢ ባሉ ስፍራዎች አውቶቡስና የጭነት መኪና በወታደር ይፈተሻል፤ መንገደኛው ይወርዳል፣ ሻንጣው ይከፈታል። በአገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ከ8,800 በላይ የነበረው የተገደሉ ሰዎች ቁጥር በ2011 ከ27,000 በላይ ደረሰ። ዕፁም አልቆመም። ብዙ ቦታ የሚይዘውና ሽታ ያለው ማሪዋና ለመሸሸግ ሲያስቸግር፣ በትንሽ ጥቅል ብዙ ገንዘብ የሚያወጣው ፈንታኒል እየተስፋፋ መጣ፤ ፍተሻ ሲጠብቅ ትርፉ ወደ ቀላሉና ወደ ገዳዩ ነገር ያጋድላል። በጎረቤቷ በአሜሪካ ደግሞ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኅዳር 2000 (እ.ኤ.አ.) የኢንዲያናፖሊስን ከተማ ጉዳይ ሲዳኝ፣ ዕፅ ለመፈለግ ብቻ ተብሎ አላፊ አግዳሚውን ሁሉ የሚያስቆም ኬላ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ሲል ወስኗል። አንድን ሰው ለመፈተሽ በዚያ ሰው ላይ ጥርጣሬ ያስፈልጋል የሚለው መርሕ የውሳኔው መሠረት ነው።

የእኛም ሕግ ከዚህ ብዙ አይርቅም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 ሰው ሰውነቱና ንብረቱ ከመመርመር የመጠበቅ መብት እንዳለው፣ በአንቀጽ 32 ደግሞ በአገሩ ውስጥ የመዘዋወር ነፃነት እንዳለው ይናገራል። ሴትን መፈተሽ ካስፈለገ የምትፈትሻት ሴት መሆን እንዳለባት በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 32 ጽፏል። ከስድሳ ዓመት በላይ የቆየ ሕግ ነው! ሴት ፈታሽ በሌለበት ኬላ ሴት መንገደኞችን ማውረድ ታዲያ በምን ሕግ ነው? በአደባባይ ቀሚሷ የሚዳሰስ የክምር ድንጋይ ባልቴት ከዚያ በኋላ መንግሥትን በምን ዓይን ታየዋለች? አዘዋዋሪውን የሚያውቀው ጎረቤቱ ነው፤ የማታውቀው መኪና በሌሊት የት እንደቆመ የምታየው የመንደሯ ሴት ናት። እርሷ የምትናገረው ደግሞ ለምታምነው ሰው ነው።

ስለ ጫትም መናገር ግድ ነው፤ በመንገዱ ላይ ትልቁን ግራ መጋባት የሚፈጥረው እርሱ ነውና። በባሕር ዳር ዙሪያ የሚለማው ጫት በኢትዮጵያ ሕጋዊ ሸቀጥ ነው፤ በ2004 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 767 የኤክሳይዝ ታክስ ተጥሎበታል። ብሪታንያ ግን እ.ኤ.አ. በሰኔ 2014 ከልክላዋለች። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር በ1971ዱ ስምምነት ቁጥጥር ይደረግበታል፤ ቅጠሉ ራሱ ግን አይደረግበትም። ስለዚህ ኬላ ላይ ጫት ሲያዝ ጥያቄው የቀረጥ ነው እንጂ የዕፅ አይደለም። ሁለቱ ሲደባለቁ ቀረጥ ያልከፈለው ገበሬ እንደ ዕፅ አዘዋዋሪ ይዋረዳል፤ በልጆቻችን ላይ የሚነግደው እውነተኛው አዘዋዋሪ ደግሞ ከቀረጥ አጭበርባሪ ጋር ተቆጥሮ በመቀጮ ያመልጣል። ከደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ በር አጠገብ ለተማሪ የሚሸጥ ሐሺሽ ካለ፣ የሚገኘው በከተማው ውስጥ በሚሠራ የፖሊስ ምርመራ ነው። ጉና ሥር የድንች ጆንያ በመፍታት አይገኝም።

ሥራው ቢለያይ ብዙ ነገር ይቃናል። ጦርነቱ እስካለ ወታደር ጥይት ይፈልግ፤ ያ የእርሱ ድርሻ ነው። ጉምሩክ ሸቀጡን በድንበርና በመጋዘን ይፈትሽ፤ የፌዴራል ፖሊስ የዕፅ መርማሪ መረጃ ይዞ፣ የመኪናውን ታርጋ አውቆ ያስቁም። የተወረሰ ነገር ሁሉ ደረሰኝ ይሰጥበት፤ ደረሰኝ የማይሰጥበት ውርስ ዘረፋ ነው። ሰላሙ ሲመጣ ደግሞ ከዐፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ ያነሰ መጠየቅ አይገባም።

አንድ ጉዳይ ይቀራል፤ ስለ እርሱ የሚናገር ሰው የለምና እዚህ መነሣት አለበት። በዚህ መንገድ ላይ በሕግ የሚጓዝ አደገኛ ዕፅ አለ። ሞርፊንና ፔቲዲን ለደብረ ታቦር ሆስፒታልና ከዚያ ወዲያ ላሉት ጤና ተቋማት የሚደርሱት በመኪና ነው። የ1961ዱ ስምምነት ገና በመግቢያው እነዚህ መድኃኒቶች ሕመምን ለማስታገስ የግድ እንደሚያስፈልጉና መቅረባቸውም መረጋገጥ እንዳለበት ይናገራል፤ ስምምነቱ የቆመው በሁለት እግሩ ነው፣ አንዱ መከልከል፣ ሌላው ለታማሚ ማድረስ። የካንሰር ሕመምተኛ ልጇን የምታስታምም እናት የሞርፊን ሽሮፕ በከረጢቷ ይዛ ከባሕር ዳር ወደ ጋይንት ስትመለስ፣ ኬላ ላይ ብልቃጡን የሚያገላብጠው ወጣት ወታደር ምን እንደያዘ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ለወላድ ደም ማቆሚያ የሚሰጠው ኦክሲቶሲን ደግሞ ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት፤ ኬላ ላይ ግማሽ ቀን ፀሐይ የመታው ካርቶን ጤና ጣቢያ ሲደርስ ኃይሉ ሊደክም ይችላል፣ ጉዳቱም የሚታወቀው የምትወልደው ሴት ደሟ አልቆም ሲል ነው። የጤና መምሪያው፣ ሆስፒታሎቹና በየኬላው ያሉት አዛዦች በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው፣ ማኅተም ያለበት የሐኪም ማዘዣ የያዘ ሰውና የመድኃኒት ማመላለሻ መኪና ሳይቆሙ የሚያልፉበትን አሠራር መፈራረም ይችላሉ። በጀት አይጠይቅም፤ አዲስ አዋጅም አይጠብቅም። የወረቀቱ ናሙና ከአራት መስመር አይበልጥም፤ የታማሚው ስም፣ የመድኃኒቱ ስምና መጠን፣ የሐኪሙ ፊርማ፣ ኬላው ሲጠራጠር የሚደውልበት የሆስፒታሉ ስልክ።